ለግራ ትከሻ የተሠራ ሰደፍ

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ ሙቀቱን ሸሽታ በሯን ገርበብ አድርጋ ጋደም በምትልበት ሰዓት፣ የልጅ ልጄ ናቲ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔም ጋደም ልል ነበር። ግን ናቲ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ወድዶ ከሽማግሌ አጠገብ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይቆያል። የሚጫወተው ጌም ጠመንጃ ያስመርጣል። ጠመንጃው ከቃታው ሥር የብረት ቀለበት ያለው፣ ቀለበቱን ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት የሚያጎርስ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ለመጨረሻ ጊዜ ካየሁ ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ስልክ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አባባ፣ አንተ አናጢ ነበርክ አይደል? ከሁለቱ ሰደፍ የትኛው ይሻላል?» አለኝ።

አንደኛው ሰደፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። ሌላኛው እጅ የሚጨብጠው አንገቱ ላይ ጎበጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ፣ በጎኑም ጉንጭ የሚያርፍበት እብጠት ያለው ነው። ሰውዬው በየትኛው እጁ ነው የሚተኩሰው ብዬ ጠየቅኩት። ናቲ እኔን አየ፣ ስልኩን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ከዚያ ጎባጣው ያምራል ብሎ እሱን መረጠና ወደ ጓደኞቹ ሄደ። እኔ እንቅልፌ በኖ ጣሪያ ሳይ ቆየሁ።

አባቴ ተሾመ የባቡር አናጢ ነበር። የመንገደኛ ፉርጎ ወንበር፣ በር፣ የመስኮት ፍሬም፣ እንጨት የሆነ ነገር ሁሉ በእጁ ያልፋል። እኔም ሃያ ዓመት ሲሞላኝ እዚያው ወርክሾፕ ገባሁ፤ በዚያን ጊዜ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ሰው ምን ጎድሎበት ነው ይል ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ የማይታለፍ አንድ ሕግ ነበረ። የተሰበረውን አምጣ፣ ልኩን ውሰድ፣ ያንኑ መልሰህ ሥራ። የአንዱ ፉርጎ በር ለሌላው ፉርጎ መግጠም አለበትና ሕጉ ትክክል ነው። ሁለት ዓመት ስሠራ ይህ ነገር ከደሜ ተዋሃደ። የተሰበረ ነገር ሳይ እጄ ሳላዘው ልኬት ይወስድ ነበር።

ያ ባለ ቀለበት ጠመንጃ የአባቴ ነው። ከጅቡቲ በሕጋዊ ወረቀት የገባ፣ ሰደፉም ልክ ናቲ እንደመረጠው ጎባጣ ነበር። አባቴ የሚያወጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከወዳጁ ከሮብሌ ጋር ለአደን ሲወርድ ነው። ሮብሌ የጀልዴሳ ሰው፣ የኢሳ ሶማሌ፣ ግመል አርቢ ነበር። እኔ አዴር ሮብሌ ነበር የምለው፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ታኅሣሥ ገብቶ ድሬ ውስጥ እንኳ ጠዋት ጠዋት ሹራብ የሚያስደርብ ነፋስ ሲመጣ፣ ሁለቱ ከጀልዴሳ ወዲያ ባለው ሜዳ አንድ የሜዳ ፍየል ይመታሉ። ከአንድ አያልፉም። አንዱ ክርስቲያን፣ ሌላው እስላም ነውና ሥጋውን አብረው አይበሉም፤ ስለዚህ በተራ አደረጉት። አንድ ዓመት ሮብሌ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ሥጋው ጀልዴሳ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት አባቴ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ሥጋው ከዚራ ሰፈር እኛ ቤት ይገባል። ተራው ያልሆነው ቴምሩን እየበላ የግመል ወተቱን ይጠጣል። ይሄ ነገር አያጣላችሁም ወይ ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ፣ አባቴ የሚያጣላው ሁለት ብንመታ ነው፣ ያኔ የማን ፍየል ወፈረ እንባባላለን ብሎኛል።

ክፉው ነገር የመጣው ሰኔ ላይ ነው። የሰኔን ሙቀት ድሬ ያልኖረ አያውቀውም፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። አባቴ ጠመንጃውን ዘይት ሊቀባ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሲያወርድ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ወደቀ። ጠመንጃውም አብሮት ወደቀና ሰደፉ አንገቱ ላይ፣ ቀጭኑ ቦታ ላይ ለሁለት ተሰበረ። እናቴ እኔን የጠራችበትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ ቀኝ እግሩን በከዘራ እየጎተተ መሄድ ቻለ። ተኮላትፎ የነበረው ንግግሩም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አፉ ብቻ ትንሽ ወደ ግራ እንደተጣመመ ቀረ። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ የሚያስቀምጡት፣ ሌላ ሰው የሚያነሳው ነገር ሆነ።

ያ እጅ ምን እጅ እንደነበር ለማያውቅ መናገር ያስቸግረኛል። መላጊያ ሲይዝ እንጨቱ ወረቀት ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ይድናል አልን። እናቴ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳለች። የመጋላ ሰፈር ወዳጆቻችን የጥቁር አዝሙድ ዘይት አመጡ፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት ታሸዋለች። ሮብሌ ግመሎቹን ለሰው ትቶ በየሳምንቱ ወተት ይዞ ይመጣል፤ ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፣ አባቴ ደግሞ ይወደዋል። እኔ የጎማ ኳስ ገዛሁ። እየጨበጠ እንዲለማመድ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ በቀኝ እጁ አስይዘዋለሁ። ይወድቃል፣ አነሳለታለሁ፣ ይወድቃል። ነገ ይሻልሃል፣ አባዬ፣ እለዋለሁ። እሱ ዝም ይላል፤ እኔም ዝምታውን እሺ ብሎኛል ብዬ እወስደዋለሁ።

ነሐሴ ሲገባደድ ጠራኝና ሰደፍ እንድሠራለት ጠየቀኝ። እንደ ድሮው ጎባጣ ሳይሆን ቀጥ ያለ፣ ጉንጭ ማሳረፊያ የሌለው፣ ግራውም ቀኙም አንድ ዓይነት የሆነ። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የተሰበረው ሰደፍ ለቀኝ ሰው የተሠራ ነበር፤ እብጠቱ ለቀኝ ተኳሽ ጉንጭ ነው፣ ጉብታውም በቀኝ መዳፍ ልክ የተጠረበ ነው። ባለ አንድ እጅ ሰው ደግሞ ቀለበቱን የሚገፋውም ቃታውን የሚስበውም በዚያው በአንድ እጁ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ቀጥ ያለ አንገት ይሻለዋል፣ እጅ ወደፊት ወደኋላ ይንሸራተትበታል፣ አይታሰርም አለኝ። ይህን ሲያወራ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ በራ። እኔ ግን ከነገረኝ ሁሉ የሰማሁት ባለ አንድ እጅ የሚለውን ብቻ ነበር።

ምክንያት ደረደርኩ። ቀለበቱ ራሱ የሰደፉን ጉብጠት ተከትሎ የጎበጠ ብረት ነው፤ እንጨቱ ውስጥ የሚገባው የብረት ምላስም እንደዚያው። ሰደፉ ቀጥ ካለ ሁለቱም በእሳት መቃናት አለባቸው፤ ቢሰነጠቁ መለዋወጫ የለም፣ ጠመንጃውም ለዘለዓለም ብረታ ብረት ሆኖ ይቀራል አልኩት። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን የእኔ ምክንያት አልነበረም። ያን ቀጥ ያለ ሰደፍ የሠራሁ ዕለት የአባቴ እጅ እንደማይመለስ በገዛ እጄ የምፈርም መስሎ ተሰማኝ። እስቲ አስብበታለሁ ብዬ ሸሸሁ።

ከዚያ የሠራሁትን ሥራ የሚሠራ የባቡር አናጢ ብቻ ነው። ሁለቱን የሰደፍ ስባሪዎች አጋጥሜ ሞርሳ ላይ አሰርኩና ልኩን ወሰድኩ። አባቴ ለዓመታት ጥላ ውስጥ ያደረቀው አንድ የወይራ ጣውላ ነበረ፤ ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ሳልጠይቀው አወጣሁት። ከሥራ መልስ አንድ ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ተደብቄ አንድ ወር ሠራሁ። ወይራ ለመሮ ቶሎ እሺ አይልም፤ እየለመኑ ነው። ጉብጠቱን፣ እብጠቱን፣ የቀኝ መዳፍ ጉብታውን፣ አንዱንም ሳላጎድል አወጣሁ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ የተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ አጠጣሁት። የወይራው ቡናማና ጥቁር መስመር አንገቱ ላይ ዞሮ ሲታጠፍ ቁጭ ብዬ አየው ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ያለ ቆንጆ ሥራ አልሠራሁም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ትንሽ ለጉራም ነው።

የመስቀል ማግስት ጠዋት ጠመንጃውን አገጣጥሜ ወሰድኩለት። ግቢያችን ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ፊቱን ለማየት ራቅ ብዬ ቆምኩ። በግራ እጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው፤ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ፈተሸ። ሥራው ጥሩ ነው አለ። አባቴ ሰውን እንዲህ ሲያመሰግን በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ሰምቼ ይሆናል፣ እኔን ሲያመሰግን ግን መጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወደ ግራ ትከሻው አነሳው። የጉንጩ ማሳረፊያ በውጭ በኩል ቀረ። ጉብታው መዳፉን ገፋው፣ ጣቶቹ አጉል ተጣጠፉ። ቀለበቱን ልግፋ ሲል እጁ ተያዘበትና ጠመንጃው ዘነበለ፤ ዘልዬ ያዝኩት። በዚያ ሰዓት እንኳ አፌ አላረፈም። እጅህ እስኪድን ነው አባዬ፣ ሲድን ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅህ ብዬ ነው አልኩት።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ወደ እኔ መለሰ፣ ከጎኑ እንድቀመጥም በዓይኑ አሳየኝ።

«ይሄን የሠራኸው ለድሮው ተሾመ ነው» አለኝ። «ጎበዝ ሰው ነበር፣ እኔም እወደው ነበር። ግን ሄዷል፣ ልጄ። እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለእኔ መቼ ነው የምትሠራልኝ?»

ተነስቼ ወጣሁ። ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግሬ ተሻግሬ መጋላ ገባሁና አንዱ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ በወተትና ሙሸበክ አዘዝኩ። ሙሸበክ፣ ያ በስኳር የተነከረ ጥልፍልፍ ጣፋጭ፣ በደስታም በሐዘንም የምሸሸግበት ነገር ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳልነካው ዝንብ ወረሰው። ከሰኔ ጀምሮ በየቀኑ ነገ ይሻልሃል ስለው፣ የዛሬው አንተ አትበቃኝም እያልኩት እንደነበር እዚያ ተቀምጬ ገባኝ። ኳሱን ሳስይዘው ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የማየው እጁን ነው። አፈርኩ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ መጋላ እንደዚህ ነው።

ስመለስ አባቴ እዚያው ነበር። ሜትሩን አውጥቼ ግራ ክንድህን ስጠኝ አልኩት። ሰደፍ እንደ ጫማ ነው፣ በሰው ልክ ነው የሚሠራው። ክርኑን አጥፎ እንዲይዝ አድርጌ ከክርኑ ጉድጓድ እስከ ሌባ ጣቱ አንጓ ለካሁ። የግራ ክንዱን እንደዚያ ቀረብ ብዬ አይቼው አላውቅም። በአራት ወር ውስጥ ጡንቻ አውጥቷል፤ ከዘራውን የሚይዘው፣ የሚጎርሰው፣ ልብሱን የሚቆልፈው እሱ ብቻ ነበርና። እኛ የሞተውን እጅ ስናሽ ይሄኛው ማንም ሳያየው ሲሠራ ከርሟል።

እንጨቱን ራሱ መረጠ። ዋንዛ ይሁን አለ። ዋንዛ ለጠረጴዛ ነው፣ ለሰደፍ ይለሰልሳል ብዬ ተከራከርኩ። ተሸካሚው እኔ ነኝ፣ ቀላል ነው የምፈልገው አለ። ቅርጹን በግራ እጁ እርሳስ ይዞ ጣውላው ላይ ሳለው። መስመሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሐሳቡ ግን ጥርት ያለ ነው። ያን የተንቀጠቀጠ መስመር አስተካክዬ መጋዝ አስገባሁበት። ብረቱን ለማቃናት መጋላ አንድ ቀጥቃጭ ዘንድ ስሄድ እኔም እመጣለሁ ብሎ ጋሪ አስጠራ። ቀጥቃጩ ቀለበቱንም ምላሱንም አግሎ በመዶሻ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየነካ አቃናቸው። ብረቱ በዝግታ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ቀበረው። እስኪበርድ ድረስ ሰንቡሳ እየበላን ጠበቅን፤ አባቴ አራት በላ፣ ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ በልቶ አያውቅም። ሲወጣ ቀጥቃጩ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። ስንጥቅ የለውም አለ። አባቴ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ሁለታችንም ዞረን አየነው።

ታኅሣሥ መጣ። ሮብሌ ራሱ ሊወስደን መጥቶ፣ ጀልዴሳ በሚወርድ የጭነት መኪና አባቴ ጋቢና፣ እኛ ከላይ ከጆንያ ጋር ሆነን ወረድን። መንገዱ ግማሹ የደረቀ ወንዝ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ላይ ሮብሌ ከግራር ባላ ቆርጦ መሬት ላይ ተከለና የጠመንጃውን አፍ እንዲያሳርፍበት አደረገ። በቀኝ እጁ ምትክ ሌላ እጅ ሰጠው ማለት ነው። ማንም ምንም አላስረዳውም፤ አይቶ ገባው። እኔ በወራት የገባኝ ነገር ለእሱ አንድ እይታ ነበር።

የሜዳዋ ፍየል መጥታ ቆመች። አባቴ ጉንጩን ዋንዛው ላይ አሳረፈ፣ ቃታውን ሳበ፣ ሳታት። ከጎኗ ያለ ድንጋይ አቧራ አወጣ። እሷ ሄደች። እኔ እግዚአብሔርን አሁን ምን ነበረበት ብዬ ልወቅስ ስል ሌላ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ በግራ እጁ ቀለበቱን ገፍቶ መለሰ፤ ቀለሁ ዘሎ ወደቀ፣ አዲስ ጥይት ገባ። አልተያዘበትም። ከዚያ በተጣመመው አፉ መሳቅ ጀመረ።

«ወርያ ተሾመ» አለ ሮብሌ፣ «ዘንድሮ ተራው የእኔ ነበር። ወላሂ ሥጋዬን ነው ያባረርከው።»

«የከርሞም ያንተ ይሁን» አለ አባቴ።

የከርሞም። ከሰኔ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለሚመጣው ዓመት ሲነሳ እጁ ከዳነ የሚል ያልገባበት ንግግር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሰማሁ። ዞር ብዬ ጫማዬን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። በግራ እጁ መላጊያ ገፍቶ ለእናቴ ዱካ ሠርቶላታል፤ አንዱ እግሩ ትንሽ ያጥር ነበር፣ እናቴ ግን ሌላ ወንበር ላይ አልቀመጥም አለች። የእኔን የወይራ ሰደፍ ለበር ማስደገፊያ አደረገችው፤ እንደዚያ ለተለፋበት ነገር ከዚህ የሚሻል ቦታ አልነበረም። አባቴ የሜዳ ፍየል የመታው በሦስተኛው ታኅሣሥ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመን ተለወጠ፣ የጦር መሣሪያ ይመለስ ተባለ፣ ጠመንጃውን በግራ ትከሻው አንግቶ ሄዶ አስረከበ።

የምንወደው ሰው እንደ ድሮው እንዲሆን መመኘት ፍቅር ይመስላል። ነውም። ግን የምንመኘውን ሰው ስንጠብቅ ያለው ሰው ብቻውን ይቀመጣል። ይሄን በሃያ ሁለት ዓመቴ ከአባቴ ተማርኩ ብዬ ስኮራ ኖሬያለሁ። ሌላ ሰው ለእኔ ሲያደርገው እንዴት እንደሚቀበሉት ግን አልተማርኩም ኖሯል።

ጉልበቴ ከከዳኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ወር የናቲ እናት፣ ልጄ ሰብለ፣ ከሳሎን ወደ ግቢ በሚያወርደው ደረጃ ላይ እኔን ሳትጠይቅ የብረት መደገፊያ አስገጠመች። አኮረፍኩ። አሁን ምን ሆንኩና ነው አልኳት፣ መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፣ ይሻለኛል አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መደገፊያውን ላለመንካት በሌላኛው ጎን ግድግዳውን እየዳበስኩ ስወርድ ከረምኩ።

ቅዳሜ ግን ፀሐይዋ በረድ ስትል ተነሳሁና ደረጃው አናት ላይ ቆምኩ። ሰብለ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ አየችኝና ቶሎ ፊቷን ወደ ልብሱ መለሰች። እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። አናጢ ነኝና ወዲያው አወቅኩ፤ ቁመቱ ከወገቤ፣ ውፍረቱ ከጭብጤ፣ ከደረጃው ያለው ርቀትም ክንዴን ሳልዘረጋ የምደርስበት ነው። መቼ እንደለካችኝ አላውቅም።